«ለጥንቃቄ ነው» የምንላት መስመር



ይቺን ጽሑፍ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አመነታሁ። ምክንያቱም ዛሬ የምወቅሰውን ልማድ ከማንም በላይ ያስፋፋሁት እኔ ራሴ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ የተቀመጣችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። ሰሌዳው ላይ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር፦ «ፖይንተር ሲመለስላችሁ ኤረርም ነልም እንዳይሆን ሁለቱን አንድ ላይ ፈትሹ። ለጥንቃቄ ነው።»

ተሳስቼ ነበር። ዛሬ በግልጽ ልናገረው፤ ይቺ መስመር ጥንቃቄ አይደለችም። አለማወቃችንን የምንጋርድባት መጋረጃ ናት። ከርነል ውስጥ ስትገባ ደግሞ ከመጋረድም አልፋ ትዋሻለች።

ኮድ የማትጽፉ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ አትሂዱብኝ። ነገሩ ከኮምፒውተር በላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ የአንድ ሰው ስም አለበት። ለእናንተ ስል ቀለል አድርጌ ልጀምር።

ከርነል ማለት የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ ፕሮግራም ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው። አንድ አፕ ቢበላሽ ይዘጋል፣ መልሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። ከርነል ሲሳሳት ግን ከሥሩ ሆኖ የሚደግፈው የለም። የተጻፈውም በአብዛኛው በሲ ቋንቋ ነው። ሲ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ያላችሁትን ያደርጋል፤ ያሰባችሁትን አይጠይቅም።

አሁን እናት ልጇን «ሂድ ዘይት ግዛ» ብላ ሱቅ ላከችው እንበል። ዘይቱን ይዞ ከመጣ ጥሩ። ካልሆነስ? ሁለት ዓይነት ልጅ አለ። አንደኛው ባዶ እጁን ይመለሳል፣ አፉንም አይከፍትም። ይሄ ነል ነው። ሁለተኛው በዘይቱ ፋንታ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ወረቀቷ ላይ ያልተሳካበት ምክንያት በቁጥር ተጽፏል። 12 ከሆነ ሜሞሪ አልቋል። 2 ከሆነ የተፈለገው ነገር የለም። 22 ከሆነ ትእዛዙ ራሱ ልክ አልነበረም። ይሄኛው ኤረር ፖይንተር ይባላል።

ወረቀቷ የምትጻፍበት ዘዴ ብልሃት አለው። ቁጥሩ ኔጋቲቭ ይደረግና እንደ አድራሻ ሆኖ ይመለሳል። ኔጋቲቭ 12 በ64 ቢት ማሽን ላይ እንደ አድራሻ ሲነበብ 18446744073709551604 ይሆናል፤ የአድራሻዎች ሁሉ ጫፍ ማለት ነው። ከርነሉ እዚያ ጫፍ ላይ ዕቃ አያስቀምጥም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ 4095 ቁጥሮች ለኤረር ተለይተው ቀርተዋል። «ኢዝ ኤረር» የምንለው ማክሮ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይሄ አድራሻ እዚያ ጫፍ ውስጥ ነው ወይ? «ፒቲአር ኤረር» ደግሞ ወረቀቷን አንብቦ ቁጥሩን ይሰጣችኋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ሙሉ ክርክሬ የቆመው እሱ ላይ ነው። ነል ዜሮ ነው። ዜሮ እዚያ ጫፍ ውስጥ አይደለም። ባዶ እጁን የመጣውን ልጅ «ወረቀትህን አሳየኝ» ብትሉት የምታነቡት ቁጥር ዜሮ ነው። ከርነል ውስጥ ደግሞ ቁጥር የሚመልስ ፋንክሽን ዜሮ መለሰ ማለት «ሁሉም ነገር ተሳክቷል» ማለት ነው።

እንግዲህ የእኔን የሰሌዳ መስመር አስቡት፦ «ፖይንተሩ ኤረር ወይም ነል ከሆነ፣ በፒቲአር ኤረር ቁጥሩን አንብብና መልስ።» ኤረር ሲሆን በትክክል ይሠራል። ነል ሲሆን ግን እናትየው ባዶ እጁን የመጣውን ልጅ አይታ፣ ወጥ መሥራቱን ትታ፣ አባትየውን «ዘይቱ መጥቷል፣ ወጡም ደርሷል» ትለዋለች። አበሻ ሲተርት «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የሚለው ይሄንን ነው።

«እንዲህ ዓይነት ነገር በተግባር የት ይደርሳል?» ትሉኝ ይሆናል። ደርሷል። የደረሰውም በእኔ ተማሪ ነው።

ከወር በፊት ገደማ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ከርነል ሲወድቅ የሚተፋው ጽሑፍ ነው። ከሥሩ «ቲቸር፣ ሰላም ነህ? ይቅርታ፣ አንዴ ታየልኛለህ?» ይላል። የሚሠራው አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የአበባ ማቀዝቀዣ ክፍሎችን ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ ይሠራሉ። ለሙቀት ሴንሰሩ ድራይቨር የጻፈው እሱ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ከክፍሉም ጎበዝ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቦርድ ላይ ሴንሰሩን ሪሴት የምታደርግ አንድ ፒን ነበረች። አዲሱን ቦርድ ሲያወጡ ያቺ ፒን አላስፈለገችም ተብሎ ተነሳች፤ መስመሩ በቀጥታ ከኃይል ጋር ታሰረ። ዲቫይስ ትሪው ላይም ስሟ በትክክል ተሰረዘ። ድራይቨሩ ፒኗን የሚጠይቀው «ጂፒአይኦዲ ጌት ኦፕሽናል» በሚባለው ፋንክሽን ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ኦፕሽናል። «ሎሚ ካለ አምጣ፣ ከሌለ ተወው» ብሎ እንደመላክ ነው። የፋንክሽኑ ውል ግልጽ ነው፤ ፒኗ ካለች ፖይንተሯን፣ ከሌለች ነልን፣ ሌላ ችግር ካለ ኤረር ፖይንተርን ይመልሳል። እዚህ ላይ ነል ውድቀት አይደለም። «ሎሚ የለም» የሚል ትክክለኛ መልስ ነው።

የተማሪዬ ኮድስ? የሰሌዳዬ መስመር፣ ቃል በቃል። ኤረር ወይም ነል ከሆነ ፒቲአር ኤረርን መልስ። አዲሱ ቦርድ ላይ ነል መጣ፣ ዜሮ ተመለሰ፣ ድራይቨሩ መሀል መንገድ ላይ ተቋርጦ ወጣ። ከርነሉ ዜሮውን አይቶ «ይሄ ዕቃ በሰላም ሥራ ጀምሯል» ብሎ መዘገበ። ከዚያ በታች ያለው ኮድ፣ ሴንሰሩን የሚያስነሳው፣ የሙቀት ፋይሉን የሚፈጥረው፣ አንዱም አልሠራም። ሎግ ላይ አንድ መስመር የለም። አንድም ቅሬታ የለም። ስክሪኑ ላይ በሙቀቱ ቦታ ሁለት ሰረዝ ብቻ።

አሁን በእነሱ ቦታ ሁኑ። ያው ኮድ አሮጌው ቦርድ ላይ ይሠራል፤ አዲሱ ላይ አይሠራም። ከርነሉ «ድራይቨሩ ተሳክቶለታል» ይላል። ጥፋቱ የማን ነው ትላላችሁ? እኔም ብሆን የምለውን ነው ያሉት፦ የሃርድዌሩ ነው። ቦርዶቹን ሶልደር ያደረገው ቴክኒሻን ተጠራ። ሴንሰሮቹን አንስቶ እንደገና ገጠመ። ኬብል ቀየረ። ሌላ ሴንሰር አመጣ። ሦስት ሳምንት። በመጨረሻ «በሥራው ጥራት ጉድለት» ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት።

ነገሩን የፈታው አጋጣሚ ነው። ተማሪዬ ድራይቨሩን ከከርነሉ ለማውጣት ሲሞክር ማሽኑ ወደቀ። ፎቶውን ሳይ የወደቀበት አድራሻ 24 ነው፤ ከዜሮ ትንሽ ፈንጠር ያለ። ይሄን ምልክት ለምታውቁ ገና ስታዩት ይገባችኋል፦ አንድ ሰው ነልን እንደ ዕቃ ቆጥሮ ውስጡን ሊያነብ ሞክሯል። (ኤረር ፖይንተርን ውስጡን ሊያነብ የሞከረ ደግሞ ከላይ የነገርኳችሁ ረጅሙ፣ ጫፍ ላይ ያለው ቁጥር አጠገብ ይወድቃል። ሁለቱ አሻራዎች ይለያያሉ፤ ያዟቸው።) ድራይቨሩ ሲወጣ የራሱን መረጃ ፈለገ፣ መረጃው ግን መቼም አልተቀመጠም ነበር፤ ምክንያቱም መሀል ላይ «ተሳክቷል» ብሎ ሄዷል።

ኮዱን ላከልኝ። ከፈትኩት። መስመሯን አየኋት። አጠገቧ በኮመንት መልክ ምን ተጽፏል መሰላችሁ? «ለጥንቃቄ»።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ማጋነን አይደለም።

ለምን እንዲህ አስተማርኩ? እውነቱን ልንገራችሁ። እኔም በልጅነቴ ተቃጥያለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ድራይቨር ውስጥ ኤረር ፖይንተር የሚመልስ ፋንክሽንን ነል መሆኑን ብቻ ፈትሼ ማሽን ጥያለሁ። በሰው ፊት። ከዚያ በኋላ «ሁለተኛ አይለምደኝም፣ ሁልጊዜ ሁለቱንም» አልኩ። የተቃጠልኩበትን ነገር ማጥናት ሲገባኝ ምድጃ ሁሉ መፍራት ጀመርኩ። ፍርሃቴንም እንደ ትምህርት ለእናንተ አወረስኩ። የኔ ጥፋት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። ይሄን ልማድ የሚከላከሉልኝ ሰዎች አሉ፤ ሦስት ነገር ይላሉ።

አንደኛው፦ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። ትርፍ ፍተሻ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ሁለቱም ባላ መተከል አለበት። ነልን የማይመልስ ፋንክሽን ላይ ነልን መፈተሽ ያልተተከለ ባላ ነው፤ ዓይን ያሳስታል እንጂ አይደግፍም። ነልን እንደ ትክክለኛ መልስ የሚመልስ ፋንክሽን ላይ ደግሞ፣ እንደ ተማሪዬ፣ ቤቱን ራሱ ያፈርሳል። ሌላም ጉዳት አለ። ቀጣዩ አንባቢ ያንን መስመር አይቶ «አሃ፣ ይሄ ፋንክሽን ሁለቱንም ይመልሳል ማለት ነው» ብሎ ይማራል። እሱም በተራው ያባዛዋል። ፍተሻ እኮ ለማሽኑ ብቻ የሚጻፍ አይደለም፤ ለሰውም የሚነገር ምስክርነት ነው። የሐሰት ምስክር መሆን የለበትም።

ሁለተኛው፦ «ፋንክሽኖቹ ራሳቸው ወጥ አይደሉም፤ ማን ያስታውሳል?» ይላሉ። ይሄ እውነተኛ ቅሬታ ነው። ኬማሎክ ነል ይመልሳል። ወርክኪው የሚፈጥረውም ነል። ኬትሬድ የሚያስነሳው ግን ኤረር ፖይንተር። ፋይል የሚከፍተው ፊልፕ ኦፕንም ኤረር ፖይንተር። ከሁሉ የሚገርሙት እነዚያ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፦ «ዴቭኤም አይኦሪማፕ» ነል ሲመልስ፣ ስሙ ላይ «ሪሶርስ» የምትል ቃል ብቻ የተጨመረችበት ወንድሙ ኤረር ፖይንተር ይመልሳል። ስንት ሰው እነሱ ላይ ተሰናክሏል! ግን መድኃኒቱ ምንድነው? ውሉን ማንበብ ነው። ከፋንክሽኑ በላይ ያለውን ማብራሪያ ማንበብ፣ ከሌለም ገብቶ ኮዱን ማየት። ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃውን ላለማውጣት ስንል ነው እኛ «ለጥንቃቄ» የምንለው።

ወጥ አለመሆኑም እግዜር የጻፈው ሕግ አይደለም፤ ይስተካከላል። ዲበግኤፍኤስን ውሰዱ። ፋይልና ፎልደር የሚፈጥሩለት ፋንክሽኖች ለዓመታት ቅይጥ ውል ነበራቸው፤ ዲበግኤፍኤስ ከርነሉ ውስጥ ካልተካተተ ኤረር ፖይንተር፣ ተካቶ ካልተሳካ ደግሞ ነል። ውጤቱ? በየድራይቨሩ ያ ድርብ ፍተሻ እንደ አረም በቀለ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ውሉ አንድ ተደረገ፦ ካልተሳካ ሁልጊዜ ኤረር ፖይንተር። ከዚያም በላይ «ይሄ ለማረሚያ የሚያገለግል ነገር ስለሆነ ጭራሽ አትፈትሹት፣ ዝም ብላችሁ ቀጥሉ» ተባለና በብዙ ቦታ ፍተሻው ተነቀለ። ኮዱ አጠረ፣ ከርነሉም አልወደቀም። ጥንቃቄ ማለት ፍተሻ ማብዛት ቢሆን ኖሮ ይሄ አደጋ መሆን ነበረበት።

ሦስተኛው፦ «ሲን ትታችሁ በራስት ጻፉ፣ ነገሩ ያልቃል» ይላሉ። ራስትን እወደዋለሁ። በታኅሣሥ 2022 በወጣው 6.1 ከርነል ውስጥ መግባቱም ደስ ብሎኛል። ግን ራስት የሚያስገድዳችሁ ምንድነው? ያንኑ ውል እንድታነቡ ነው! «ላይኖር ይችላል» የሚለውና «ሊበላሽ ይችላል» የሚለው ራስት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው፤ ብትቀላቅሏቸው ኮምፓይለሩ አያሳልፋችሁም። ማለትም ራስት የሚመሰክረው ለእኔ ክርክር ነው፤ «የለም» እና «ተበላሽቷል» አንድ አይደሉም። እስከዚያው ግን ያለን ከርነል በብዛት ሲ ነው፣ ደመወዛችሁም ከዚያ ነው የሚመጣው። ኮምፓይለሩ የማያነብላችሁን እናንተ ታነባላችሁ።

ፍትሐዊ ልሁን። ድርብ ፍተሻው ቦታ የለውም አላልኩም። ጽዳት ላይ ቦታ አለው። ኬፍሪ ነል ቢሰጡት ዝም ብሎ ያልፋል፤ ኤረር ፖይንተር ቢሰጡት ግን እንደ እውነተኛ አድራሻ ይቆጥረዋልና ጉድ ይፈላል። ስለዚህ ፋንክሽኑ ሲያልቅ በራሱ የሚያጸዳ ኮድ «ኤረርም ነልም ካልሆነ ብቻ ልቀቅ» ቢል ትክክል ነው። እዚያ ጥያቄው «የሚለቀቅ ዕቃ አለ ወይስ የለም?» ብቻ ነው። ምክንያቱን አይጠይቅም፣ ለማንም ዘገባ አይልክም። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ስታጸዱ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ይቻላል፤ ስትዘግቡ ግን ሁለቱን መቀላቀል ውሸት ነው።

ፍተሻ በራሱ ክታብ አይደለም። ይሄን ለማየት ወደ 2009 እንመለስ። የሊኑክስ 2.6.30 ከርነል ውስጥ ተን በሚባለው የኔትዎርክ ድራይቨር ላይ አንድ ፋንክሽን ነበር። መጀመሪያ ፖይንተሩን ተጠቅሞ ከውስጡ አንድ ነገር ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ «ፖይንተሩ ነል ከሆነ ኤረር መልስ» ይላል። ፍተሻው አለ! ሪቪው የሚያደርግ ሰው ቢያየው «ጥሩ፣ ተፈትሿል» ይላል። ኮምፓይለሩ ግን እንዲህ አሰበ፦ «ይሄ ሰው ፖይንተሩን ቀድሞ ተጠቅሞበታል። በሲ ሕግ ነልን መጠቀም አይፈቀድም። ስለዚህ ነል ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ይሄ ፍተሻ ትርፍ ነው» ብሎ ፍተሻውን ሰረዘው። በቀዳዳው ተጠቅሞ ተራ ተጠቃሚ የማሽኑ ጌታ መሆን እንደሚችል በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በአደባባይ ታየ። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ የሚገነባው ኮምፓይለሩ የነል ፍተሻን እንዳይሰርዝ በሚከለክል ትእዛዝ ነው። ትምህርቱ ምንድነው? ፍተሻው ወረቀቱ ላይ ስላለ አልጠበቀም። የት፣ መቼ፣ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ ካልታወቀ ፍተሻ ጌጥ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ንጹሕ አያያዝ ምን ይመስላል? ዛሬ ሰሌዳ ፊት ብቆም የምጽፈው ይሄን ነው። የድሮውን ደብተር ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ሰርዛችሁ ይሄን ተኩበት።

1ኛ፣ ፋንክሽን ስትጽፉ አንድ ውል ምረጡ። ሊያቅት የሚችልበት ምክንያት አንድ ብቻ ከሆነ፣ እንደ ኬማሎክ፣ ነል ይበቃል፤ ጠሪው ራሱ 12 ብሎ ይተረጉመዋል። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ከሆነ ኤረር ፖይንተር መልሱ። ነልን ከኤረር ፖይንተር ጋር አብራችሁ የምትመልሱት ነል «የለም፣ መኖሩም ግድ አይደለም» ማለት ሲሆን ብቻ ነው። ያኔም ስሙ ላይ «ኦፕሽናል» ብላችሁ ጻፉ፣ ከላይም በአንድ መስመር አብራሩ።

2ኛ፣ ፋንክሽን ስትጠሩ ውሉን አንብቡና ውሉ ያለውን ብቻ ፈትሹ። ነል የሚመልሰውን በነል፣ ኤረር የሚመልሰውን በኢዝ ኤረር። ተገላቢጦሽ ከሆነ ፍተሻው አንዳች አይዝም፦ ነል በኢዝ ኤረር ወንፊት ያልፋል፣ ኤረር ፖይንተርም በነል ወንፊት ያልፋል።

3ኛ፣ ፍተሻው ከጥሪው ቀጥሎ ይሁን። በመሀል ፖይንተሩን አትንኩት። የተንን ታሪክ አስታውሱ።

4ኛ፣ የተሰጣችሁን ቁጥር ሳትቀይሩ ወደ ላይ አስተላልፉ። ይሄን ብዙ ሰው ይንቀዋል። 517 የሚባል የኤረር ቁጥር አለ፤ ትርጉሙ «የምፈልገው ዕቃ ገና አልተዘጋጀም፣ ቆይተህ ጥራኝ» ነው። ከርነሉ ይሄን ሲያይ ድራይቨሩን በኋላ እንደገና ይሞክረዋል። እናንተ ግን 517ን ውጣችሁ በራሳችሁ 22 ከተካችሁት፣ «ቆይ» የነበረው መልእክት «በቃ አይሆንም» ይሆናል። መሣሪያው አንዳንድ ቀን ይነሳል፣ አንዳንድ ቀን አይነሳም፤ እናንተም ሃርድዌሩን ትወቅሳላችሁ። መልእክተኛ ደብዳቤ አይቀይርም።

5ኛ፣ ስትወድቁ ተናገሩ፣ አንድ ጊዜ። «ዴቭ ኤረር ፕሮብ» የሚባለው ይሄን ያደርግላችኋል፤ ምክንያቱን ሎግ ላይ ያስቀምጣል፣ 517 ከሆነ ግን በየሙከራው አይጮህም፣ ቁጥሩንም እንዳለ ይመልስላችኋል። የያዛችሁትንም በያዛችሁበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ልቀቁ። ጎቱን በዚህ ሥራ ላይ አትፈሩት፤ ከርነል ውስጥ የተከበረ ቦታ አለው።

የተማሪዬ መፍትሔ ስንት መስመር ነበር? አንድ። ከድርቡ ማክሮ ላይ «ኦር ነል» የምትለዋን አነሳን። ፒን ከሌለ ድራይቨሩ ይቀጥላል፤ ፒኗን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ፋንክሽን ራሱ ነል ሲሰጡት ምንም ሳያደርግ ያልፋል፣ ታስቦበት ነው የተሠራው። መሣሪያው ተነሳ። ስክሪኑ ላይ 3 ዲግሪ አለ። የሦስት ሳምንት ውዝግብ በአንዲት ቃል ስረዛ አለቀ።

ለአለቆችና ኮድ ለምትገመግሙም አንድ ቃል አለኝ። «ነል ቼክህ የታለ?» ብሎ መጠየቅ ግምገማ አይደለም። የሚጠየቀው «ይሄ ፋንክሽን ምን እንደሚመልስ አይተሃል?» ነው። መጀመሪያውን ጥያቄ የለመደ ልጅ ፍተሻ ይደረድርላችኋል፤ ሁለተኛውን የለመደ ልጅ ያነባል። ደግሞ አንድ ጀማሪ «አላውቅም፣ ቆይ ልየው» ሲል አትሳቁበት። እኛ አገር «አላውቅም» ማለት እንደ ሽንፈት ይቆጠራል፣ ሥራ ቦታም ክፍልም። ልጆቹ ያንን ቃል ላለማውጣት ነው «ለጥንቃቄ» የሚሉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተን አድገን፣ በሽታ የሚደብቅ ኮድ ስንጽፍ እንውላለን።

ቶኒ ሆር የሚባሉት ታላቅ የኮምፒውተር ሰው ነልን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1965 አልጎል ደብሊው በተባለ ቋንቋ ውስጥ አስገብተው፣ በ2009 አደባባይ ቆመው «የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ» ብለው አመኑ። እኔ የእሳቸው ጫማ አይገባኝም። የእኔ ስህተት የቢሊዮን አይደለም። አንዲት ደብዳቤ ናት፤ አንድ በእጁ ሙያ የሚኮራ ሰው ፋይል ውስጥ የገባች።

መሣሪያው ከተስተካከለ በኋላ ተማሪዬን ጠየቅኩት፦ «ደብዳቤውስ?» ዝም አለ። ቆይቶ «ቲቸር፣ እሱን ማንም አላነሳም» አለኝ። ቦርዱ ይሠራል፣ አበባው ይቀዘቅዛል፣ ሰውየው ግን አሁንም ወረቀት ላይ ጥፋተኛ ነው። ኮዱ «ተሳክቷል» ብሎ ስለዋሸ፣ ውሸቱን አንድ ሰው መሸከም ነበረበት፤ እሱ ተሸከመው።

ተማሪዬን ያልኩት ይሄን ነው፦ «ኮዱን ማስተካከል ግማሹ ነው። ሄደህ ለአለቃህ ጥፋቱ የእኔ ነው በል። ከፈለግህ ያስተማረኝ ሰው ነው በል፣ ስሜን ጥራ፣ ስልኬንም ስጥ። ደብዳቤው ከፋይሉ ይውጣ።» ትናንት ማታ «ነገ ጠዋት እገባለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። እጁ እየተንቀጠቀጠ እንደጻፈው ገብቶኛል። ኮራሁበት። ይሄም ኤረርን ሳይቀይሩ ወደ ላይ ማስተላለፍ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ የምፈልገው የቤት ሥራ አንድ ነው። ዛሬ ማታ የድሮ ኮዳችሁን ክፈቱ። ያቺን ድርብ ማክሮ ፈልጉ። ባገኛችሁበት ሁሉ የፋንክሽኑን ውል አንብቡ። ከእኔ የተማራችኋት ከሆነች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና አንሷት። አጠገቧ «ለጥንቃቄ» የሚል ኮመንት ካለ ደግሞ እሱን መጀመሪያ።

ያገኛችሁትን ከሥር ጻፉልኝ፣ ምንም ያህል ቢያሳፍር። እኔ ጀምሬላችኋለሁ።

መልካም ሰንበት።